የመልቀቂያ ደብዳቤ ላይ የሚጻፈው ቀን ስንት ብር ያወጣል?

የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት መስመር አይበልጥም። ሠራተኛው ለተደረገለት ትብብር ያመሰግናል፣ «በግል ምክንያት» መልቀቁን ይገልጻል፣ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። ከእነዚህ መስመሮች መካከል በብር ሊተመን የሚችለው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የሥራ ውሉ የሚያበቃበት ቀን ነው። ብዙዎች ሳያሰሉ የሚጽፉትም ይህንኑ ቀን ነው።

ጉዳዩ የተቀጣሪዎች ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በመርካቶ አምስትና ስድስት ሠራተኛ ይዞ የሚሠራ አስመጪም ሆነ የባንክ ሥራውን ትቶ በስሙ ንግድ ፈቃድ ለማውጣት የሚያስብ ባለሙያ በዚሁ ቀን ያተርፋል ወይም ይከስራል። አንዱ ማስጠንቀቂያ ይቀበላል፣ ሌላው ይሰጣል፤ ሁለቱም ሒሳቡን የሚያስተውሉት ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

ለማሳያ ያህል፣ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ጥቅምት 1 ቀን ተቀጥራ አምስተኛ ዓመቷን ልትደፍን ጥቂት ሳምንታት የቀሯት የሒሳብ ሠራተኛ ትታሰብ። ደመወዟ በወር 18,000 ብር ነው። በነሐሴ አጋማሽ ላይ ሌላ ድርጅት 22,000 ብር ሊከፍላት ይጠይቃታል፤ «ለአዲሱ ዓመት ብትጀምሪልን» ይላታል። የአራት ሺህ ብር ጭማሪ በዚህ ኑሮ ውድነት የሚናቅ አይደለም። ደብዳቤውን በዚያው ቀን፣ ማለትም ነሐሴ 15 ብታስገባ የሚገርም አይሆንም።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 31 እንደሚደነግገው፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ማንኛውም ሠራተኛ ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት የሥራ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ለአሠሪው ያስቀመጠው ሚዛን ግን የተለየ ነው። አሠሪው በማስጠንቀቂያ ሲያሰናብት እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ለቆየ ደግሞ ሦስት ወር መስጠት አለበት። ሠራተኛው ሃያ ዓመት ቢያገለግልም ከ30 ቀን በላይ አይጠየቅም።

ቀኑ የሚቆጠረው ማስጠንቀቂያው በደረሰ ማግስት ጀምሮ ነው። አዋጁ በሌሎች ቦታዎች «የሥራ ቀን» እያለ ሲለይ እዚህ ላይ «ቀን» ብቻ ስለሚል እሑድና በዓልም ይገባሉ። የወር ደመወዝተኛ ምንም የማያገኝባት ጳጉሜንም ለዚህ ጉዳይ አትዘለልም።

ስለዚህ የሒሳብ ሠራተኛዋ ነሐሴ 15 ደብዳቤውን ብታስገባ፣ ከነሐሴ 16 እስከ 30 አሥራ አምስት ቀን፣ ጳጉሜን አምስት ቀን፣ ከመስከረም ደግሞ አሥር ቀን ተደምሮ ውሏ መስከረም 10 ያበቃል። አምስት ዓመት የሚሞላት መስከረም 30 ነው። በሃያ ቀን ቀድማ ወጣች ማለት ነው።

የሃያ ቀኑ ዋጋ ቀላል አይደለም። በአንቀጽ 39 መሠረት በራሱ ፈቃድ ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ ነው። አምስት ዓመት ከሞላው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ ይታሰብለታል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በ18,000 ብር ሲሰላ ለመጀመሪያው ዓመት 18,000፣ ለቀሩት አራት ዓመታት በየዓመቱ 6,000 ሆኖ 24,000፣ በድምሩ 42,000 ብር ይመጣል። አራት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ላገለገለ ግን ምንም የለም።

42,000 ብር አዲሱ ድርጅት በየወሩ የሚጨምርላት 4,000 ብር የአሥር ወር ተኩል ድምር ነው። በሌላ አነጋገር፣ በችኮላ የገባው ደብዳቤ እስከሚቀጥለው ሐምሌ ድረስ የምታገኘውን ጭማሪ አስቀድሞ በላው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሌላም ነጥብ አለ። «አምስት ዓመቴ ይሙላና ከዚያ ደብዳቤ አስገባለሁ» የሚሉ ሠራተኞች ሳያስፈልጋቸው አንድ ወር ይጠብቃሉ። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ውሉ ጸንቶ የሚቆይበት ጊዜ በመሆኑ እንደ አገልግሎት ይቆጠራል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ደብዳቤውን መስከረም 5 ብታስገባ ማስጠንቀቂያው ጥቅምት 5 ያበቃል፤ አምስቱ ዓመት በመካከሉ ይደፈናል። ለአዲሱ ቀጣሪ የሚነገረውም «ከ25 ቀን በኋላ ልምጣ» የሚል አጭር ቃል ነው። በእርግጥ ሊቀጥራት የፈለገ ድርጅት ለዚህ ያህል አይጨክንም፤ ከጨከነም የሚያስቀርባትን 42,000 ብር እንዲያካክስ መጠየቅ ነውር የለበትም። ደላላ እንኳ ለአፉ ዋጋ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ገደቦች መታወቅ አለባቸው። አዋጁ የስንብት ክፍያውን የሚሰጠው ለጡረታ ብቁ ላልሆነ ሠራተኛ ነው። እንዲሁም ድርጅቱ አሠልጥኖት ለተወሰነ ጊዜ የማገልገል ግዴታ የፈረመና ግዴታውን ያልፈጸመ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ ይህን ክፍያ አያገኝም። የሥልጠና ውል የፈረመ ሰው ከምንም በፊት ያንን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ ማንበብ ይኖርበታል።

ጭማሪ፣ ጉርሻና የባንክ ብድር

የስንብት ክፍያው የሚሰላው በመጨረሻው የሥራ ሳምንት በነበረው አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። ይህች አጭር ሐረግ ብዙ ትናገራለች። ድርጅቱ በየዓመቱ በአንድ የታወቀ ወር ደመወዝ የሚጨምር ከሆነ፣ ጭማሪው ከመጣ በኋላ የሚለቅ ሠራተኛ ያለፉት ዓመታት በሙሉ በአዲሱ ደመወዝ ይታሰቡለታል። 18,000 የነበረው 20,000 ቢሆን 42,000 ብሩ ወደ 46,666 ብር ከፍ ይላል። በአንጻሩ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የትራንስፖርት አበል፣ ኮሚሽንና ጉርሻ በአዋጁ ደመወዝ ስላልሆኑ በስሌቱ ውስጥ አይገቡም። ከደመወዙ ይልቅ በኮሚሽን የሚኖር የሽያጭ ሠራተኛ ሲሰናበት የሚያገኘው ከጠበቀው ሲያንስበት የሚደናገጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ቦነስ ሌላ ጣጣ አለው። ሒሳባቸውን ሰኔ 30 የሚዘጉ ባንኮችና አክሲዮን ማኅበራት ጉርሻ የሚከፍሉት ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ነው። የለቀቀ ሰው ይከፈለዋል ወይስ አይከፈለውም የሚለው በድርጅቱ የውስጥ መመሪያ ወይም በኅብረት ስምምነቱ የሚወሰን ነው። አንዳንዱ መመሪያ «ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን በሥራ ላይ ያለ» ይላል። እንዲህ ባለ ድርጅት ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ክፍያው ሊፈጸም ሳምንት ሲቀረው የሚወጣ ሰው ለባልደረቦቹ ድርሻ ትቶ መውጣቱ ነው።

ከባንክ የሚለቅ ሰው ደግሞ ከሁሉም በፊት የብድር ሰነዱን ማየት አለበት። በብዙ የግል ባንኮች እንደተለመደው ሠራተኛው ቤትና መኪና የሚገዛው ለደንበኛ ከሚሰጠው ባነሰ ወለድ ነው። ሲለቅ ግን ዕዳውን እንዲዘጋ ይጠየቃል፤ አለበለዚያም ብድሩ ወደ ገበያው የወለድ መጠን ይዛወራል። የቀረው ዕዳ 2 ሚሊዮን ብር ቢሆንና ወለዱ ከ7 ወደ 16 በመቶ ቢወጣ፣ የመጀመሪያው ዓመት ልዩነት ብቻ ወደ 180,000 ብር ይጠጋል። በወር ሲካፈል 15,000 ብር መሆኑ ነው። «ደመወዜ በአሥር ሺህ ጨመረ» ብሎ ባንክ የቀየረ ሰው በየወሩ አምስት ሺህ ብር እየከሰረ ሊሆን ይችላል። ወደ ሌላ ባንክ የሚሄድ ከሆነ አዲሱ ባንክ ዕዳውን ገዝቶ በሠራተኛ ወለድ እንዲይዝለት አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈጸም ይችል እንደሆነ መጠየቁ ይበጃል። ወደ ግል ንግድ የሚወጣ ግን የሚገዛለት የለም፤ መነሻ ካፒታሉን ሲያሰላ ይህንንም ከወጪው ጋር መደመር አለበት።

የጡረታ መዋጮ ግን ሰው እንደሚፈራው አይቀርም። ሠራተኛው የሚያዋጣው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ የሚገባው ለጡረታ ፈንድ እንጂ በድርጅቱ ካዝና ስላልሆነ፣ አገልግሎቱ በቀጣዩ ቀጣሪ ዘንድ ይቀጥላል። አሠሪው በእርግጥ ገንዘቡን ገቢ ሲያደርግ መኖሩን ማረጋገጥ ግን የሠራተኛው ፋንታ ነው።

የቃል ተስፋና 60 የሥራ ቀን

በመርካቶ ሠራተኛ መንጠቅ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለት ሱቅ ዘልቆ የሚሠራው ነጋዴ ጎበዝ ገንዘብ ያዥ ወይም ጉምሩክ የሚያውቅ ልጅ ሲያይ «እኔ ጋ ና፣ በደንብ እከፍልሃለሁ» ይላል። ልጁም አምኖ ደብዳቤ ያስገባል። ከ30 ቀን በኋላ ሲሄድ «ዕቃው ወደብ ላይ ተይዞብኝ፣ ትንሽ ታገሠኝ» የሚል መልስ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ዋናው የጊዜ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ አዲሱ ውል ሳይፈረም አሮጌው አይነካም። የተፈረመ ወረቀት ቢኖርም ደግሞ ሥጋቱ ጨርሶ አይጠፋም። አዲሱ ቀጣሪ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ሊያስቀምጥ ይችላል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ይህ 45 ተከታታይ ቀን ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ነው። በነዚህ ሳምንታት ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ ያለማስጠንቀቂያና ያለስንብት ክፍያ ሊሸኝ ይችላል። አሥር ዓመት ባገለገለበት ቤት የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ የሚገባው ሰው ይህን ዋስትና ሰጥቶ የሚቀበለው ባዶ እጁን ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ የሙከራ ጊዜው እንዲቀርለት ሊደራደር ይችላል፤ ለመደራደር የሚችለው ግን የመልቀቂያ ደብዳቤው ገና በኪሱ ሳለ ነው። ካስገባው በኋላ እንደ ሸቀጥ በመጋዘን የሚያድር እርሱ ነው።

በአሠሪው በኩል

አሠሪዎች በአዋጁ ላይ የሚያቀርቡት ቅሬታ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሒሳብ አዋቂው ሰኔ 1 ደብዳቤ አስገብቶ ሐምሌ 1 ቢወጣ፣ ድርጅቱ ከሐምሌ ጀምሮ በሚዘልቀው የግብር ማሳወቂያ ወቅት ሰው አልባ ይሆናል። የኤልሲ ሰነድ አገላብጦ የሚያውቅ ሰው በ30 ቀን አይገኝም። ሠራተኛው ማስጠንቀቂያውን ጨርሶ ሳይሰጥ ቢሄድስ? አሠሪው ሊጠይቅ የሚችለው ካሳ ከሠራተኛው የ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም፤ የሚገኘውም ለሠራተኛው ከሚቀረው ክፍያ ላይ ነው። ለተበላሸ ሒሳብና ለዘገየ ግብር ይህ ኢምንት ነው።

አንዳንድ ድርጅቶች በቅጥር ውላቸው «ሠራተኛው የ60 ወይም የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል» ብለው ያስፈርማሉ። ይሁንና የሥራ ውል በሕግ ከተቀመጠው ያነሰ ጥቅም ለሠራተኛው ሊያስቀምጥ ስለማይችል፣ እንዲህ ያለው አንቀጽ ክርክር ቢነሳበት የሚጸና አይመስልም። በአዋጁ የማይሸፈኑት የሥራ መሪዎች ግን የሚተዳደሩት በፍትሐ ብሔር ሕጉና በውላቸው ስለሆነ፣ ሥራ አስኪያጅ የሆነ ሰው «ሕጉ 30 ቀን ነው የሚለው» ብሎ ሊወጣ አይገባም። ውሉን ያንብብ።

ሕግ ያላስቻለውን በጉልበት ለማስቻል የሚሞክሩም አሉ። የመጨረሻውን ወር ደመወዝ ይይዛሉ፤ ሲቀጥሩ የተቀበሉትን የዲግሪ ኦሪጅናል አንሰጥም ይላሉ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲጠየቁ «ነገ ና» ያበዛሉ። ይህ ውድ ስህተት ነው። አሠሪው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ደመወዙን፣ ያልተወሰደውን የዓመት ዕረፍት በገንዘብና ሌላውንም ክፍያ አጠናቆ መክፈል አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ቢያዘገይ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊወሰንበት ይችላል። የ18,000 ብር ደመወዝተኛን ለማስጨነቅ ሲል 54,000 ብር የሚያወጣ ነጋዴ ሒሳብ ያውቃል አይባልም። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጸው ማስረጃም ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው።

ሰባቱ ቀን ሊራዘም የሚችልበት አንድ ሕጋዊ በር አለ፤ እርሱም ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የያዘውን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳያስረክብ የቀረ እንደሆነ ነው። ለዚህ ነው ዕቃ ግምጃ ቤት ወይም ካዝና የያዘ ሰው ርክክቡን ለ29ኛው ቀን ማቆየት የሌለበት። ቆጠራው በመጀመሪያው ሳምንት እንዲጀመር በጽሑፍ ይጠይቅ። ጉድለት ቢገኝ ለማጣራት ጊዜ ይኖረዋል፤ በቅጥሩ ጊዜ ዋስ የጠራለት ዘመድም ከዋስትናው ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ሳይዝ ቤቱ አይገባ።

አስተዋይ ነጋዴ በበኩሉ ደብዳቤው በደረሰው ዕለት ቁጣውን ውጦ ሠራተኛውን ሁለት ነገር ይጠይቀዋል። በነዚህ 30 ቀናት ማንን ታሠለጥንልኛለህ? ከወጣህ በኋላስ ለጥቅምት ሒሳብ በክፍያ ጥቂት ቀን ትመጣልኛለህ? በፍቅር የተለያየ ሰው ብዙውን ጊዜ እሺ ይላል። በስድብ የተባረረ ሰው የኮምፒዩተሩን የይለፍ ቃል እንኳ «ረሳሁት» ማለቱ የታወቀ ነው።

ደብዳቤው መድረሱ በምን ይታወቃል?

በትናንሽ ድርጅቶች መልቀቅ በቃል ነው። «ጋሼ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ልቀር ነው» ይባላል፤ ጋሼም «እግዜር ይርዳህ» ይላሉ። ሰላም ካለ ይህ ይበቃል፤ ክርክር ሲነሳ ግን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን እንዲገልጽ ሕጉ ይፈልጋል። የሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ለአሠሪው ወይም ለወኪሉ በእጅ ይሰጣል፤ አለበለዚያም በመሥሪያ ቤቱ ገቢ ይደረጋል። በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ አንዱ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ማስመታት የኖረ ልማድ ነው። «አንቀበልም» ከተባለ ምስክር ባለበት ማስቀመጥ ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ መላክ ይቻላል። ማኅተም የሌለው ቅጂ የ30 ቀኑን መነሻ አያሳይም፤ ሠራተኛው 30 ቀን ሠርቶም «ሳያስጠነቅቅ ጠፋ» ሊባል ይችላል።

ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎችም አሉ። አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመበት፣ ሠራተኛው የጾታ ትንኮሳ ከደረሰበት፣ ለደኅንነቱ አስጊ የሆነ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ ካላስወገደ፣ እንዲሁም ደመወዝን በወቅቱ መክፈልን የመሰሉ መሠረታዊ ግዴታዎቹን በተደጋጋሚ ካልተወጣ ሠራተኛው በዕለቱ ሊወጣ ይችላል። እዚህም ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጊዜው አጭር ነው። ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በኋላ 15 የሥራ ቀናት ካለፉ ይህ መብት ይቀራል። «እስቲ ይሻሻል እንደሆነ ልየው» እያለ ሁለት ወር የታገሠ ሠራተኛ ከዚያ በኋላ በድንገት ቢወጣ፣ ጥፋተኛው ራሱ ሆኖ የ30 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል።

በሥራ ላይ ያሉትን ብዙ ሰዎች የሚፈትነው ግን ደብዳቤው ከገባ በሦስተኛው ቀን የሚመጣው ጥሪ ነው። አሠሪው በር ዘግቶ «ስንት ሰጡህ? እኔም እሰጥሃለሁ» ይላል። ቃሉ ደስ ቢያሰኝም፣ ይህን ገንዘብ ትናንት ያልከፈለው ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። መልሱ አጥጋቢ ከሆነ መቅረት አያሳፍርም፤ ጭማሪው ግን ከቃል ወጥቶ በደብዳቤ ይጻፍ። ደብዳቤን ለደመወዝ ማስጨመሪያ ብቻ የሚያስገባ ሰው ዘዴው የሚሠራለት አንድ ጊዜ ነው። በሁለተኛው «ደረሰን፣ መልካም ዕድል» የሚል መልስ ተጽፎ ሊያገኝ ይችላል።

ሒሳቡ ተጠናቆ ካልተከፈለው ሠራተኛ ክሱን የሚያቀርብበት ጊዜም ተገድቧል። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረባቸው ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ጥቅምት 5 የወጣችው የሒሳብ ሠራተኛ 42,000 ብሯ በሰባት የሥራ ቀናት ካልተከፈላት፣ «ጋሼ ይሰጡኛል» እያለች ከስድስት ወር በላይ መጠበቅ አትችልም።